የግሉኮስ ፕላስቲክ ስናቀልጥ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ እባካችሁ ቶሎ

የማራኪ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አስቸኳይ ነው። ጎንደር ማራኪ አካባቢ ተደራጅተን ከፕላስቲክና ከአሸዋ የግቢ ንጣፍ እንሠራለን። እስካሁን የምናቀልጠው ፌስታልና የዘይት ጀሪካን ነበር፣ ችግር አልነበረውም። ከአንድ የግል ክሊኒክ ባዶ የግሉኮስ ፕላስቲክ በጆንያ መቀበል ከጀመርን ወዲህ ግን በርሜሉ ሲሞቅ የሚወጣው ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይይዛል። ዛሬ አንዱን ልጅ ሳሉ አልቆም ብሎት ወደ ቤቱ ሸኘነው። የቀለጠውም እንደ ድሮው አይፈስም፤ ቡናማ ሆኖ ይጓጉላል። ከማቅለጣችን በፊት በበረኪና ዘፍዝፈነዋል። ነገ ጠዋት ሌላ ጭነት ይመጣል፣ የታዘዘ ንጣፍም አለብን። ምን እናድርግ?

ዘአዘዞ፦
በረኪናው ነው። በደንብ አለቅልቁት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ማስክም አድርጉ።

ጡረተኛው ሳኒተሪያን፦
ልጆቼ፣ በርቱ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልበላችሁ። ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ሳኒተሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ፣ የሠለጠነባት ከተማ ናት። እኛ ስንማር ቀዳሚው ትምህርት ቆሻሻን ከምንጩ መለየት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋም ከሚወጣው ቆሻሻ 85 ከመቶ ያህሉ ከቤት ቆሻሻ አይለይም፤ ካርቶን፣ ወረቀት፣ የምግብ ትራፊ፣ ማሸጊያ ነው። አደገኛው 15 ከመቶው ነው። ሁለቱ አንድ ጆንያ ውስጥ ከገቡ ግን ሁሉም አደገኛ ሆነ ማለት ነው። መለየት ያለበት እዚያው ሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ነው። እናንተ ግቢ ደርሶ የሚለይ ነገር ዘግይቷል።

የፒያሳው በያጅ፦
ንፍሮ የምትቀቅሉ መሰላችሁ እንዴ? እሳቱን ቀንሱ! ፌስታል 110 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ጠንከር ያለው የግሉኮስ ጠርሙስ 160 አካባቢ። ቡናማ ሆነ ካላችሁ እያቃጠላችሁት ነው። ደግሞ የበርሜሉን ክዳን እዩት። በአንድ ሌሊት የዛገ ከሆነ ከጭሱ ጋር አሲድ አለ።

ሲስተር፦
ከግሉኮሱ ጋር የሚመጣውን ቱቦ ነቅላችሁታል?

የማራኪ ልጅ፦
ክዳኑ እውነትም ዝጓል! ቱቦው ያው ተያይዞ ነው የሚመጣው፣ አንድ ላይ ነው የምንፈጨው። ምነው?

ሲስተር፦
አቁሙ። ዛሬ ምንም አታቅልጡ። ቱቦው፣ የደም ከረጢቱና አንዳንዱ ለስላሳ የግሉኮስ ከረጢት ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ፒቪሲ ውስጡ ክሎሪን አለ። ሲሞቅ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ይለቃል። ዓይን የሚያቃጥለውም ክዳኑን ያዛገውም እሱ ነው። ሲቃጠል ደግሞ ዳዮክሲን ያወጣል፣ ይኼ ካንሰር የሚያመጣ ነገር ነው። ማስክ ጋዝ አያቆምም። ለምታመርቱት የሚሆነው ጠርሙሱ ብቻ ነው። ግርጌውን ገልብጣችሁ እዩ፤ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 4 ወይም 5 ካለ ይሆናል፣ 3 ካለ ፒቪሲ ነው። የሚያስለው ልጅ ትንፋሽ ካጠረው ሳታድሩ ሐኪም ይየው።

ዘአዘዞ፦
እኔ ግን በረኪናውም አለበት ባይ ነኝ። ማለቅለቅ አይጎዳም።

የፒያሳው በያጅ፦
ቁጥር የሌለውን በውሃ ለዩት። ትንሽ ቆርጣችሁ ኦሞ ጠብ ያለበት ባልዲ ውስጥ ጨምሩት። ጠርሙሱ ይንሳፈፋል፣ ፒቪሲ ይሰምጣል። የሰመጠውን ሁሉ ተዉት። ካልታመናችሁ የመዳብ ሽቦ አግላችሁ ፕላስቲኩን ንኩትና ሽቦውን መልሳችሁ እሳት ላይ ያዙት። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለው። ደጅ ሁናችሁ፣ አንዴ ብቻ።

የቀበሌው ሰው፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ማን ፈቀደላችሁ? የክሊኒክ ቆሻሻ ማቃጠያ ነው መግባት ያለበት። ነገ ልጆች የሚሮጡበት ግቢ ላይ ልታነጥፉት ነው?

ጡረተኛው ሳኒተሪያን፦
ወንድሜ፣ ስጋትህ ተገቢ ነው፤ ያለ ፈቃድና ያለ ውል አንድ ጆንያ መነሳት የለበትም። ሁሉን ወደ እሳት ማለት ግን መፍትሔ አይደለም። ብዙው ማቃጠያ ሙቀቱ ዝቅተኛ ነው፣ ያንኑ ዳዮክሲን ወደ ሰፈር ይበትነዋል። ደምም ሌላ መድኃኒትም ያልነካው ንጹሕ የጨው ወይም የግሉኮስ ጠርሙስ ንጣፍ ቢሆን ምን ይከፋል? የካንሰር መድኃኒት የተቀላቀለበትን ግን በጭራሽ እንዳትቀበሉ፤ እንዴት አድርጋችሁ ታውቁታላችሁ? ለዚህ ነው ክሊኒኩ ራሱ ለይቶ፣ ለብቻው አሽጎ መስጠት ያለበት። የዘፈዘፋችሁበትን ውሃም ወደ ቀሃ ወንዝ እንዳትደፉት፣ አደራ።

የማራኪ ልጅ፦
እሺ፣ እሳቱን አጥፍተናል። በባልዲው ሞከርነው፣ ብዙው ሰመጠ። የሰመጠውን የት እናድርሰው? ጆንያው ውስጥ ደግሞ ሁለት ስሪንጅ ከነመርፌው አገኘን።

ሲስተር፦
መርፌውን በእጃችሁ እንዳትነኩት! በመቆንጠጫ አንስታችሁ ጠንካራ ጀሪካን ውስጥ ክተቱና ከሰመጠው ጋር ለክሊኒኩ መልሱ፤ ኃላፊነቱ የእነሱ ነው። መርፌ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ሳጥኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይታሸጋል፣ ከዚያ ማንም አይከፍተውም። እናንተ ጆንያ ውስጥ ከተገኘ እዚያ ቤት የሚለይ ሰው የለም ማለት ነው። የነገውን ጭነት አትቀበሉ። ሄፓታይተስ ቢ ያለበትን ሰው በወጋ መርፌ ከተወጋ፣ ክትባት ያልወሰደ ሰው የመያዝ ዕድሉ እስከ 30 ከመቶ ይደርሳል። ስንቶቻችሁ ተከትባችኋል? የተወጋ ካለ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይረዳም።

ባለ ፋርማሲ፦
ከርዕሱ ልወጣ ነው፣ ይቅርታ። እኛ ጋ የመድኃኒት ካርቶን በየቀኑ ይከመራል። ንጹሕ ነው። የሚወስድ ታውቃላችሁ?

ዘአዘዞ፦
ቅዳሜ ገበያ ዕቃ የሚያሽጉ ነጋዴዎችን ጠይቅ።

ሲስተር፦
ትልቁን ካርቶን ስጥ። የመድኃኒቱ ስም ያለበትን ትንሹን እሽግ ግን ሳትቀዳድድ እንዳትሰጥ፤ ሐሰተኛ መድኃኒት ሞልቶ የሚሸጥበት አይጠፋም።