እድራችን ለሰፈሩ ልጆች ምን ያድርግ? (ድሬዳዋ)

የሳቢያን እናት፦ ሰላም ናችሁ የድሬ ልጆች። የእድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ ልጄ በሚማርበት ትምህርት ቤትም የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል ነኝ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ከወጣ ወዲህ ከቤት የማይወጡ ልጆች አሉ። አንዱ ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ስልኩ ላይ ያድራል። እናቱ «ሰው እንዳይሰማ» ትላለች፤ ለእኔም የነገረችኝ ቡናው አልቆ ሰው ከሄደ በኋላ ነው። ትምህርት ቤቱ አንድ የጋይዳንስ መምህር አለው፣ እሱም ክፍል ያስተምራል። ሽማግሌዎቹ «ድንኳን ተክለን፣ ባለሙያ ጠርተን ልጆቹን እናስመክር» ይላሉ። ይጠቅማል?

ጡረተኛ መምህር፦ እህቴ፣ ድንኳኑን ተዉት። እኔ በነበርኩበት ትምህርት ቤት ሞክረነዋል። የመጡት ደህናዎቹ ነበሩ፣ ያልመጡት እነዚያው የተቸገሩት። ከእናንተ የሚፈለገው ሌላ ነው። ልጅ ሦስት አራት ቀን ሲቀር የክፍል ኃላፊው ይደውላል፣ ወላጅ ስልክ አያነሳም፤ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ የሚያምነው የእድር ሰው በሩን ያንኳኳ። የልጁ ስም በእድሩ መዝገብ ላይ እንዳይጻፍ፤ መዝገብ ሰው ያነበዋል።

የከዚራ ልጅ፦ እኔ በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከወደቁት ነኝ። ያኔ ከሙሉ ነጥቡ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። አገር በሙሉ ወድቆ እንኳ፣ ቤታችን ውስጥ የወደቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። መካሪ ሞልቶ ነበር። ከአልጋ ያስነሳኝ ግን ጋራዥ ያለው የአባቴ ጓደኛ ነው፤ «ና ቁልፍ አቀብለኝ» አለኝ። ስለ ውጤት አንድም ቀን አልጠየቀኝም፤ ቆይቶ ራሴ አወራሁት። ደግሞ አቦ፣ በቀትር አትጥሩን! ከ11 ሰዓት በፊት በድሬ ፀሐይ ማን ይወጣል? ያን ሰዓት ልጁ ወይ ተኝቷል ወይ በርጫ (ጫት መቃም) ላይ ነው።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ፦ የከዚራው ልጅ ያለው ልክ ነው፣ ግን ሁሉም በጋራዥ አይድንም። እንቅልፉ፣ የምግብ ፍላጎቱና የሚወደው ነገር ሁሉ ከጠፋበት ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ጤና ጣቢያ ወይም ድል ጮራ ሆስፒታል ይታይ። ጫቱን በቁጣ አትጀምሩ፤ እንቅልፉን እንደሚያበላሸው ግን ለሐኪሙ ይነገር። ስለ ሞት ታስባለህ ወይ ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ እንዲያውም ይቀለዋል። «አዎ» ካለ ብቻውን አይደር፣ ወደ ሕክምና ለመውሰድም ቀጠሮ አይጠበቅ።

ዚምባብዌ ውስጥ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 እ.ኤ.አ. ከ14 አያቶች ጋር የጀመሩት ሥራ አለ። አያቶቹ ሠልጥነው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ለባለሙያ ያስተላልፋሉ። እንግዲህ ወንበር እናንተም አላችሁ። የጎደለው ሥልጠናው ነው፤ የእድሩን ብር ለድንኳን ሳይሆን ለዚያ አውጡት።

ከሐረር ጀጎል፦ እኛ ዘንድ የሴቶች አፎቻ (እንደ እድር ያለ ማኅበር) ከወንዶቹ ለብቻው ነው፤ የየቤቱን ጉዳይ ቀድመው የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው። ሽማግሌዎቹን ብቻ አትላኩ። ጸበልም ሆነ ቁርኣን ቤተሰቡ ከፈለገ አትከልክሉ፤ መድኃኒት ከተጀመረ ግን ሐኪሙ ሳይል አይቋረጥ።

የሳቢያን እናት፦ አላህም እግዜርም ይስጣችሁ። ስብሰባው ቀርቷል። ያን ልጅ ግን «የእድሩን ወንበር ቁጠርልን» ብዬ ማታ 12 ሰዓት ላይ ጠራሁት። መጣ። ቆጥሮ ሲጨርስ «11 ይጎድላል» አለኝ፤ ጸሐፊዋ እኔ ሆኜ አላወቅኩም። ወንበሩን ስንደረድር፣ ነርሷ እህቴ፣ ጠይቁ ያልሽውን ጠየቅኩት። መልሱ እዚህ አይጻፍም። ዛሬ አጎቱ አብሮት ያድራል፤ ሲነጋ ከእናቱ ጋር ድል ጮራ ነን።