ለአራት የጂፒዩ ሰርቨር የትኛው ኔትወርክ ይሻላል? ምክር እንፈልጋለን

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

እንደምን ሰነበታችሁ? የአማርኛ ንግግርና ጽሑፍ ሞዴል የምናሠለጥን ትንሽ ቡድን ነን። አራት ሰርቨር ገዝተናል፤ በየአንዳንዱ ውስጥ ኤል 40 ኤስ የሚባል አራት ጂፒዩ (የኤአይ ስሌት የሚሠራ ካርድ) አለ። የቀረን እርስ በርስ የሚያገናኛቸው ኔትወርክ ነው። አንዱ አቅራቢ «ያለ 400 ጊጋ ኢንፊኒባንድ የኤአይ ሥራ አይታሰብም» ይለናል (ጊጋ የሚባለው ጊጋቢት በሰከንድ ነው፤ ኢንፊኒባንድ ደግሞ ከኢተርኔት የተለየ የፈጣን ኔትወርክ ዓይነት ነው)። ሌላው 100 ጊጋ ኢተርኔት ከሮኪ ጋር (ሲፒዩን ሳያደክም ዳታን በኢተርኔት ላይ በቀጥታ ከማህደረ ትውስታ ወደ ማህደረ ትውስታ የሚያስተላልፍ ዘዴ) አቅርቧል። የግዢ ክፍሉ ደግሞ በእጃችን ያለው የ10 ጊጋ ስዊች ለምን አይበቃም እያለ ይጠይቃል። ሊፍና ስፓይን የሚባለው፣ ብዙ ስዊቾችን በሁለት ደረጃ የሚያገናኘው አሠራርስ ለእኛ ያስፈልጋል? በብዛት የምንሠራው ባለ 7 ቢሊዮን ፓራሜትር ሞዴል ላይ ነው። ገንዘቡ አንዴ ከወጣ ሁለተኛ አናገኘውም፤ ስለዚህ እባካችሁ የምታውቁትን አካፍሉን።

መልስ፣ ከባሕር ዳር

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ሞዴሉን ሙሉ በሙሉ ነው የምታሠለጥኑት ወይስ በሎራ (ዋናውን ሞዴል ሳይነኩ አዳፕተር የሚባሉ ትንንሽ ተጨማሪ ክፍሎችን ብቻ በማሠልጠን)? መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሎራ ከሆነ ሰርቨሮቹ የሚለዋወጡት የትንንሾቹን አዳፕተሮች ግራዲየንት (እያንዳንዱ ፓራሜትር ወዴት ይስተካከል የሚለውን ስሌት) ብቻ ነው። 40 ሚሊዮን ፓራሜትር ብንል በሁለት ባይት 80 ሜጋባይት ነው። ዋናው ሞዴል 14 ጊጋባይት ስለሆነ በየጂፒዩ ካርዱ 48 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ ላይ ይቀመጣል፣ አይንቀሳቀስም። ለዚህ የ10 ጊጋው ስዊች ይበቃል፤ የግዢ ክፍሉ ተሳስቷል ማለት አይቻልም።

ሙሉ ሥልጠና ከሆነ ግን ሌላ ነው። በየእርምጃው 14 ጊጋባይት ግራዲየንት በአራቱ ሰርቨሮች መካከል መደመር አለበት። በቀለበት አሠራር እያንዳንዱ ሰርቨር የዚህን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 21 ጊጋባይት ያህል ይልካል። 10 ጊጋቢት በሰከንድ 1.25 ጊጋባይት ነው፤ ስለዚህ 17 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በ100 ጊጋ 1.7 ሰከንድ። በእነዚያ 17 ሰከንዶች ውስጥ ውድ ካርዶቻችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትተው ይጠብቃሉ። በዚያ ላይ ሙሉ ሥልጠና አዳም ከሚባለው የፓራሜትር ማስተካከያ ዘዴ ጋር በአንድ ካርድ ላይ ስለማይገባ ሞዴሉን ዚሮ 3 ወይም ኤፍኤስዲፒ በሚባሉት ዘዴዎች በካርዶቹ መካከል መከፋፈል ግድ ነው፤ ያ ደግሞ ጭነቱን ይጨምረዋል።

ጠያቂ

አሁን ሎራ ነው፤ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ግን ሙሉ ሥልጠና አቅደናል።

መልስ፣ ከአዲስ አበባ (የዳታ ሴንተር ኔትወርክ ሠራተኛ፣ የቡሬ ልጅ)

እንግዲያው 100 ጊጋ ኢተርኔት ግዙ፤ ከቻላችሁ 200። 400 ጊጋ ለእናንተ ትርፍ ነው። ኤል 40 ኤስ ኤንቪሊንክ (ጂፒዩዎችን በቀጥታ የሚያገናኝ ፈጣን መስመር) የለውም፤ ከውጭ የሚገናኘው በፒሲአይኢ 4 (ካርዱ ሰርቨሩ ውስጥ የሚሰካበት መስመር) ሲሆን ይህም በአንድ አቅጣጫ ከ32 ጊጋባይት በሰከንድ አያልፍም። 400 ጊጋ ግን 50 ጊጋባይት ነው። ካርዱ ሊያወጣው ለማይችለው ፍጥነት መክፈል ይሆናል።

«ያለ ኢንፊኒባንድ አይታሰብም» የሚለውን አትቀበሉ። ሜታ እያንዳንዳቸው 24 ሺህ ያህል ጂፒዩ ያላቸው ሁለት ክላስተሮች ሠርቶ አንዱን በሮኪ፣ ሌላውን በኢንፊኒባንድ አገናኝቷል፤ ሁለቱም ላይ ትልልቅ ሞዴሎችን ያለ ኔትወርክ ማነቆ እንዳሠለጠነ በ2024 አሳውቋል።

ሊፍና ስፓይን ይቅርባችሁ። አራት ሰርቨር አንድ ስዊች ላይ ይገባል። ሁለተኛ ስዊች የሚያስፈልገው ወደቦቹ ሲያልቁ ነው። ከአሁኑ ግን 32 ወደብ ያለውን ምረጡ። ሁሉም አንድ ራክ ውስጥ ከሆኑ ኦፕቲክ ሞጁል አትግዙ፤ የመዳብ ዳክ ገመድ ርካሽ ነው፣ ኃይልም ቆጣቢ ነው።

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም

ለኢንፊኒባንድ አንድ ነገር ልመስክርለት። ፓኬት እንዳይጠፋ የሚጠብቀው በራሱ በአሠራሩ ነው፤ ተቀባዩ ቦታ እንዳለው ሳያረጋግጥ ላኪው አይልክም። ሮኪ ላይ ግን ፒኤፍሲን (መጨናነቅ ሲመጣ ላኪውን ለአፍታ የሚያስቆመውን) እና ኢሲኤንን (ስለ መጨናነቁ ምልክት የሚሰጠውን) ስዊቹም የኔትወርክ ካርዱም ላይ ራሳችሁ ማስተካከል አለባችሁ። አንዱን ከረሳችሁ ፍጥነቱ ይወድቃል፣ መንስኤውም ቶሎ አይገኝም። ይህን የሚሠራ ሰው አላችሁ?

መልስ፣ ከአዲስ አበባ

ልክ ነው፤ ሰው የሌለው ቡድን ሮኪን ቀላል ነው ብሎ መጀመር የለበትም። ነገር ግን በአንድ ስዊችና በአራት ሰርቨር የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ኢተርኔት የሚያውቅ ባለሙያ ማርቆስም ባሕር ዳርም ይገኛል፤ የኢንፊኒባንድ ሰብኔት ማናጀር (ኔትወርኩን የሚያዋቅረውን ሶፍትዌር) የሚያውቅ ግን ብዙ አይደለም። ያው ስዊች ስቶሬጁንም ሊያገናኝ ይችላል፤ የሥልጠናውን ትራፊክ በራሱ ወረፋ ለዩት።

መልስ፣ ከደምበጫ

ወንድሞቼ፣ ስለ ቦታው ማንም አላነሳም። ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያ ሙቀትን በደንብ አያወጣም። በአሽሬ (የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር) መመሪያ ኤ2 ለሚባለው የመሣሪያ ደረጃ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከሚፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት አንድ ዲግሪ ይቀነሳል። 35 የነበረው እናንተ ጋ 30 ይሆናል ማለት ነው። «ማርቆስ ብርድ ነው» ብላችሁ ክፍሉን ያለ ማቀዝቀዣ አትተዉት። መብራት ሲጠፋም ሰርቨሩ በዩፒኤስ ቆሞ ስዊቹ ከጠፋ ሥልጠናው ይቋረጣል፤ ስዊቹንም እዚያው ዩፒኤስ ላይ ሰኩት፣ ቼክፖይንትም (ሥልጠናው የደረሰበትን ቅጂ) በየጊዜው አስቀምጡ።

ጠያቂ

እግዜር ይስጥልን! ስዊቹ ከገባ በኋላ ሮኪው በትክክል መሥራቱን በምን እናውቃለን?

መልስ፣ ከባሕር ዳር

ሥልጠና ከመጀመራችሁ በፊት የኤንሲሲኤልን (ጂፒዩዎች ዳታ የሚለዋወጡበት የኤንቪዲያ ሶፍትዌር) የኦል ሪዱስ መለኪያ፣ ማለትም ግራዲየንት የመደመሩን ፍጥነት የሚለካውን፣ በአራቱም ሰርቨሮች ላይ አስኪዱ። የኤንሲሲኤልን ዲባግ «ኢንፎ» ላይ አድርጋችሁ ሎጉን አንብቡ። «ኔት ሶኬት» ካለ በተራ ቲሲፒ እየሄደ ነው፣ የገዛችሁት ሮኪ እየሠራ አይደለም፤ «ኔት አይቢ» ማለት አለበት፣ ለሮኪም ስሙ ይኸው ነው። መለኪያው የሚያሳየው የባስ ባንድዊድዝ (busbw) ቁጥር በ100 ጊጋ ላይ ወደ 12 ጊጋባይት በሰከንድ መጠጋት ይገባዋል። በጣም ካነሰ መጀመሪያ የኔትወርክ ካርዱ የተሰካበትን ቦታ እዩ፤ ከጂፒዩዎቹ ርቆ በሌላኛው ሲፒዩ በኩል ከሆነ መንገዱ ይረዝማል። ቀጥሎ ፒኤፍሲን። አቅራቢውን ይህን ልኬት በርክክቡ ቀን ፊታችሁ እንዲያሳይ ውሉ ላይ አስገቡት፤ ሳያሳይ የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቁ።