ባለ አምስት ክንድ ቸርኬ፦ የትኛው የቱ እንደሆነ በምን ትለያላችሁ?

ቀዩ ሙስታንግ

ሰላም ለሁላችሁ። የ1967 ፎርድ ሙስታንግ አለኝ፤ ሞተሩ 289 ቪ8 ነው። የፊቱን ታምቡር አውልቄ ዲስክ ፍሬን አስገብቼለታለሁ። አሁን የቀረኝ ቸርኬ ነው።

ፔንሲልቬኒያ፣ ካርላይል የአሮጌ መኪና ዕቃ ገበያ ላይ ያገኘሁት አንድ ሽማግሌ ሁለት ሙሉ ስብስብ አለው። ሁለቱም ባለ አምስት ክንድ፣ ሁለቱም 15 ኢንች። የአንደኛው ክንዶች ግራጫ ናቸው፤ ጠርዙ የተወለወለ ነው። "የ60ዎቹ ኦሪጅናል ቶርክ ትረስት" ይለዋል። ሌላው ከዳር እስከ ዳር ክሮም ነው። እሱን "ክሬገር ነው" አለኝ፤ ጓደኛዬ ግን ፎቶውን አይቶ "ማግነም 500 ነው" ብሎ ድርቅ አለ። ለእኔ ሁሉም አንድ ናቸው። በዚያ ላይ ሰውዬው የክሮሙን የቡሎን ቀዳዳዎች ርቀት ለክቶ "114.7 ሚሊ ነው፣ ለፎርድ ልክ ይሆናል" ብሎኛል። ቅዳሜ ሄጄ ላያቸው ነው። ምን ይዤ ልሂድ? ምኑን ልይ?

ዳላስ ነኝ

ወንድሜ፣ አዲስ ግዛና ተገላገል። አሜሪካን ሬሲንግ ቶርክ ትረስትን ዛሬም ያመርታል። የ60 ዓመት ቸርኬ ውስጡ ይሰንጠቅ አይሰንጠቅ በምን ታውቃለህ?

ጎሚስታው

የዳላሱ ልጅ ያለው እውነት ነው። ግን የ67 መኪና የሚነዳ ሰው "አዲስ ግዛ" ሲሉት መች ይሰማል?

እኔ ጎጃም በረንዳ ጎማ እየጠገንኩ ነው ያደግኩት፤ አሁን አሌክሳንድሪያ ጎማ ቤት ነው የምሠራው። ከፊት አይታችሁ አትከራከሩ። ፊቱን ሁሉም ሰው ይኮርጃል፤ ጀርባውን የሚኮርጅ ግን አላየሁም። ገልብጡት።

መጀመሪያ ማግኔት ያዝ። ፍሪጅ ላይ የሚለጠፈው ይበቃል። ማግነም 500 ሙሉ በሙሉ ብረት ስለሆነ የትም ብታስጠጋው ይይዛል። ከጀርባ ስታየው ክንዱ ተጨፍልቆ የተሠራ ላሜራ ነው፣ ውስጡ ባዶ። በፎርድም በክራይስለርም መኪኖች ላይ ከፋብሪካ ይገጠም ነበር፤ ስለዚህ ጓደኛህ ልክ ቢሆን እንኳ "የፎርድ ነው" ማለት አይደለም። ክሬገር ኤስ ኤስ በ1964 የወጣ ነው፤ ጠርዙ ብረት፣ ክንዱ አሉሚኒየም። ሁሉም ክሮም ስለለበሰ ዓይን አይለየውም። ማግኔቱ ጠርዙ ላይ ልጥፍ ይላል፣ ክንዱ ላይ ሲደርስ ይወድቃል። አለቀ። ጠርዙ ከውስጥ ዝጎ እንደሆነም እይ፤ የክሬገር ሕመም እሱ ነው።

ቶርክ ትረስት ላይ ማግኔት የትም አይዝም። እዚህ ጋ ግን ሥራ አለ፣ ምክንያቱም ቶርክ ትረስት ብዙ ነው። የመጀመሪያዎቹ ማግኒዚየም ነበሩ። አንዱን አንሳው፤ ማግኒዚየም ከአሉሚኒየም በሲሶ ያህል ይቀላል። ከጀርባ ቀለም የሌለበት ቦታ ፈልገህ አንድ ጠብታ አቼቶ ጣል አድርግበት። ከፈላ ማግኒዚየም ነው። ሲፈላ አይተህ በደስታ ፍሌክስ (መሞረጃ) እንዳታስነሳበት ብቻ! ብናኙ እሳት ይይዛል፤ ውኃ ሲደፉበት ደግሞ ይብስበታል።

ቀጥሎ ቶርክ ትረስት ዲ አለ። ክንዱ ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ነው፤ የዲስክ ፍሬኑ ካሊፐር (ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል) እንዳይነካው ተብሎ የተሠራ። አንተ ዲስክ አስገብተሃል፤ ስለዚህ ዕድሜውን ከመጠየቅህ በፊት ይሄን አጣራ። ቶርክ ትረስት ሁለት ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነው። መሐሉና ጠርዙ ለየብቻ ተሠርተው የተበየዱ ስለሆኑ ከጀርባ የብየዳው መስመር ዙሪያውን ይታያል። "ጄ ደብልዩ ኤል" የሚል የጃፓን ምልክት ካየህም የ60ዎቹ የሚለውን ወሬ ተወው።

አሁን ወደ 114.7። ይቺ ቁጥር ደስ አላለችኝም። የሙስታንግህ የቡሎን ክብ፣ ማለት በአምስቱም ቡሎኖች መሐል የሚያልፈው ክብ ስፋት፣ 114.3 ሚሊ ነው። የሸቭሮሌዎቹ፣ የካማሮና የሸቬል፣ 120.65 ነው። ባለ 120.65 ቸርኬ ላይ አንድ ቀዳዳ ዘለህ ከመሐል እስከ መሐል ብትለካ ስንት ይመጣል? 114.7! ሰውዬው እየዋሸህ አይመስለኝም፤ አለካኩን ነው ያላወቀው። አንተ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች ከመሐል እስከ መሐል ለካ። ወደ 67 ሚሊ ከሆነ ፎርድህ ላይ ይገባል፤ ወደ 71 ከሆነ የሸቭሮሌ ነው።

ትዕግስት ሲያትል

ጋሽ ጎሚስታው፣ እጅዎ ይባረክ። አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ኖቫዬ ላይ ያለው ክሬገር ቀዳዳው ክብ ሳይሆን ሞላላ ነው። ከአንድ በላይ ልክ እንዲቀበል ብለው ነው የሠሩት። ዳዶው ቀጥ ያለ አንገት አለው፤ ሮንዴላው ደግሞ ቀዳዳው ከመሐል ወጣ ያለ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ መለካቱ ብቻውን አይበቃም፤ ሮንዴላዎቹ አብረው መኖራቸውን ጠይቅ። ጫፉ ሾጣጣ የሆነውን የተራ ብረት ቸርኬ ዳዶ ደግሞ በፍጹም እንዳታስርበት፤ ይላላል።

ቀዩ ሙስታንግ

ኑሩልኝ! ቅዳሜ ድረስ መጠበቅ አቅቶኝ የጀርባውን ፎቶ አስላኩት። የክሮሙ ቀዳዳዎች ክብ ናቸው፤ ጎን ለጎን 71 ሚሊ ለካሁ ብሏል። ግራጫው ከጀርባ ዙሪያውን ብየዳ አለው። ለግራጫው 1,400 ዶላር ነው የሚለው።

ጎሚስታው

እንግዲያው ክሮሙን ለሸቭሮሌ ባለቤት ተውለት። ግራጫው ቶርክ ትረስት ሁለት ነው። መጥፎ ቸርኬ አይደለም፤ ግን የ60ዎቹን ዋጋ እንዳትከፍልበት። በሙስታንጉ ሂድ፣ ክሪክም ያዝ። አንዱን የፊት እግር ላይ እሰርና በእጅህ አሽከርክረው። ካሊፐሩን ከነካ በነፃም ቢሰጥህ አትውሰድ።