ማግኔቱ የገጽ ፕሮቲን ትቶ ራይቦዞም ለምን ይዞ ይወጣል? (ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ)

ፔሌት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የስታፍ ኦሬየስን የገጽ ፕሮቲኖች በማስ ስፔክትሮሜትሪ መለየት ነው ሥራው። ቲኤስቢ (የማሳደጊያ ሾርባ) ውስጥ ያደረ ባክቴሪያ፣ በፒቢኤስ (የጨው በፈር) አንድ ጊዜ ታጥቦ፣ ሰልፎ-ኤንኤችኤስ-ኤስኤስ-ባዮቲን (የፕሮቲን አሚን ላይ የሚጣበቅ ምልክት) በሚሊሊትር 1 ሚሊግራም፣ በረዶ ላይ 30 ደቂቃ። ከዚያ በመስታወት ዶቃ መሰባበር፣ ፍርስራሹን በሴንትሪፊውጅ ማውረድ፣ ከላይ የቀረውን ፈሳሽ ስትሬፕታቪዲን (ባዮቲንን አጥብቆ የሚይዝ ፕሮቲን) ከለበሱ የ200 ናኖሜትር ማግኔታዊ ፓርቲክሎች ጋር ማቆየት፣ በዲቲቲ (ዳይሰልፋይድ ቦንድ በጣሽ) ማስለቀቅ፣ በትሪፕሲን (ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም) መቁረጥ። የዝርዝሩ አናት ላይ ኢኤፍ-ቲዩ፣ የራይቦዞም ፕሮቲኖችና ኢኖሌዝ ናቸው፤ ዋና ቦታቸው ሴሉ ውስጥ ነው። ከገጽ ፕሮቲኖቹ ፕሮቲን ኤ ታች ወርዷል፤ ክላምፒንግ ፋክተር ኤ ጭራሽ የለም። ፓርቲክሉን ልቀይር?

ባለፒፔት፦
ፓርቲክሉ ምንም አላጠፋም። የምትፈልገውን ፕሮቲን የጣልከው ከፍርስራሹ ጋር ነው። ፕሮቲን ኤንም ክላምፒንግ ፋክተርንም ሶርቴዝ ኤ የሚባለው ኢንዛይም ከፔፕቲዶግላይካኑ (የሴሉ ግድግዳ ዋና ቁስ) ጋር በኮቫለንት ቦንድ ይሰፋቸዋል። ዶቃ ግድግዳውን ይሰባብረዋል እንጂ ፕሮቲኑን ከግድግዳው አይፈታውም፤ ቁርጥራጩ ከነፕሮቲኑ ታች ይወርዳል። ሳይቶፕላዝሙ ግን ሙሉ በሙሉ ከላይ ይቀራል።

በዶቃው ፋንታ ላይሶስታፊን ተጠቀም፤ የግድግዳውን የግላይሲን ድልድይ ይቆርጣል። በሚሊሊትር 100 ማይክሮግራም፣ 37 ዲግሪ፣ 30 ደቂቃ፣ ከፕሮቲኤዝ ኢንሂቢተር ጋር። ዲኤንኤዝም (ዲኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም) ጨምር፤ አለበለዚያ ፈሳሹ እንደ ንፍጥ ይጎተትና ፓርቲክሎቹን አንድ ላይ ያጣብቃቸዋል። ዲኤንኤዝ ማግኒዥየም ስለሚፈልግ ኢንሂቢተሩ ኢዲቲኤ (ማግኒዥየምን የሚይዝ ኬሚካል) የሌለበት ይሁን። እዚህ ደረጃ ላይ ዲቲቲ እንዳይገባ፤ የባዮቲኑ ድልድይ ዳይሰልፋይድ ስለሆነ ማግኔቱ ጋ ሳይደርስ ይበጠሳል። 10 ሚሊሞላር አዮዶአሴታማይድ (ታዮልን የሚዘጋ ኬሚካል) ብትጨምር ደግሞ ከሴሉ የሚወጡት ታዮሎች (የሰልፈርና ሃይድሮጅን ጫፎች) ድልድዩን አይነኩትም።

ያደረ ባክቴሪያም ሌላ ጣጣ ነው። ውስጡ የሞተ ሴል አይጠፋም፤ ሰልፎ-ኤንኤችኤስ የጤነኛ ሴል ሜምብሬን ባያልፍም የተቀደደው ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። በዚያ ላይ ኤጂአር የሚባለው የጂን መቆጣጠሪያ ሥርዓት በእድገቱ መጨረሻ ፕሮቲን ኤን ይቀንሳል። ኦዲ (የሾርባው ድፍርስነት ልክ) 0.6 አካባቢ ሲደርስ ሰብስብ፣ 4,000 ጂ፣ 10 ደቂቃ፣ 4 ዲግሪ። ቮርቴክስ አያስፈልግም፤ በፒፔት ቀስ ብለህ በትነው። ቲኤስቢ የኬዚን ፔፕታይድ የሞላበት ስለሆነ አንድ እጥበት አይበቃም፤ ሦስቴ እጠብ፣ ያለዚያ ባዮቲኑን ሾርባው ይጨርሰዋል። በትሪስ ማጠብ እንዳይመጣ፣ አሚን ነው። ትሪስ ወይም ግላይሲን የሚገባው በመጨረሻ፣ ሪአክሽኑን ለማስቆም፣ 100 ሚሊሞላር። ባዮቲኑን ደግሞ ልትጨምረው ስትል ብቻ አሟሟው፤ ውኃ ውስጥ ይበላሻል።

ስፔክትረም፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ መጨረሻው ላይ የሚሳሳቱ ግን ብዙ ናቸው። በ50 ሚሊሞላር ዲቲቲ ካስለቀቅህ በኋላ የተለመደውን 15 ሚሊሞላር አዮዶአሴታማይድ ብትጨምር ዲቲቲው ራሱ ይበላዋል፤ እያንዳንዱ ሞለኪውል ሁለት ታዮል አለው። ከ100 በላይ፣ ለምሳሌ 120 ሚሊሞላር፣ ጨለማ ውስጥ 30 ደቂቃ።

ባዮቲን የያዘው ላይሲን ላይ ትራፊው ይቀራል፤ ከአልኪሌሽን (ታዮሉ በአዮዶአሴታማይድ ከተዘጋ) በኋላ +145.02 ዳልተን። ሶፍትዌሩ ላይ እንደ ተለዋዋጭ ሞዲፊኬሽን ካላስገባኸው ምልክት ያረፈባቸው ፔፕታይዶች በሙሉ ያመልጡሃል። ትሪፕሲንም እንዲህ ያለውን ላይሲን ስለማይቆርጥ ያልተቆረጠውን ቦታ እስከ 2 ወይም 3 ፍቀድለት። ስትሬፕታቪዲንና ላይሶስታፊን የበካዮች ዝርዝር ውስጥ ይግቡ። በትራይተን ታጥበህ ከሆነ መጨረሻ ላይ በ50 ሚሊሞላር አሞኒየም ባይካርቦኔት ሦስቴ ድገም፤ በ44 ዳልተን ልዩነት የተደረደሩ ፒኮች ካየህ ትራይተኑ አልለቀቀም ማለት ነው። ማግኔቱም ላይ አትቸኩል። 200 ናኖሜትር እንደ ማይክሮን ዶቃ ቶሎ አይሰበሰብም፤ ፈሳሹ ጥርት ሳይል ብትመጥ ናሙናህን ነው የምትደፋው።

ጥያቄያም፦
ኢኖሌዝን ግን በጅምላ አትጣሉት። የስታፍ ኢኖሌዝ ገጹ ላይ ተቀምጦ ላሚኒንና ፕላዝሚኖጅን እንደሚይዝ የታወቀ ነው። የፈሰሰውን ከእውነተኛው ለመለየት ሁለት ቱቦ ያስፈልጋል፦ ሕያው ሴል በ40 በመቶ ሱክሮስ ፒቢኤስ፣ አንዱ ትሪፕሲን ያለው ሌላው የሌለው፣ 37 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ። ሁለቱንም አውርደህ ፈሳሹን በ0.22 ማይክሮን አጣራ፤ ከዚያ ትሪፕሲን ያልነበረውንም በትሪፕሲን ቁረጥ። በሁለቱም እኩል የሚታየው የፈሰሰ ነው። ከመጀመርህ በፊትና በኋላ አጋር ላይ ቆጥር፤ ሲኤፍዩው (የሕያው ሴሎቹ ቁጥር) ከወረደ ውጤቱን ለመተንተን አትድከም። ባዮቲን ያልነካው ናሙና ከፓርቲክሉ ጋር ማስኬድም እንዳትረሳ።

ፔሌት፦
አመሰግናለሁ። የጥንቸል አንቲቦዲ የለበሰ ናኖፓርቲክልስ አይሻልም?

ጥያቄያም፦
ለስታፍ አይሆንም። ፕሮቲን ኤ የአንቲቦዲውን ኤፍሲ ጅራት ስለሚይዝ፣ የጥንቸሉ አንቲቦዲ የትኛውንም ዒላማ እንዲይዝ ቢሠራ ይለጠፍበታል። ፕሮቲን ኤ የሌለው ሚውታንት ካለህ ብቻ። በነገራችን ላይ ዝርያህ ኒውማን ከሆነ ፋይብሮኔክቲን ያዥ ፕሮቲኖቹን ግድግዳው ላይ አትፈልግ፤ በሚውቴሽን ጫፋቸው ተቆርጦ ስለሚሠሩ ወደ ሾርባው ያመልጣሉ።