ያረጀ ባለ 40 ፈረስ የጀልባ ሞተር ጉልበቱ እንዲጨምር ምን ላድርግ? ገንዘቤ ውስን ነው

የዘጌ መስመር (ባሕር ዳር)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጣና ላይ ከከተማው ወደ ዘጌ ሰው አመላልሳለሁ። ጀልባዬ 7 ሜትር ፋይበር ናት። ሞተሩ ያማሃ ኢንዱሮ 40 ነው፤ ሁለት ሲሊንደር፣ 703 ሲሲ፣ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚጠጣው ባለ ሁለት ስትሮክ። አባቴ ያገለገለ ነው የገዛው፤ ዕድሜውን በትክክል የሚያውቅ የለም።

ከሁለት ዓመት በፊት አሥር ሰው ይዤ ስነሳ ጀልባዋ ውሃው ላይ ወጥታ ትንሳፈፍ ነበር። አሁን ሰባት ሰው ይዛ እንኳ አፍንጫዋን ሰቅላ ውሃውን እያረሰች ነው የምትሄደው። ነዳጁም ጨምሯል። ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ነው፤ ሰው ጭኜ ማዕበሉ መሀል አቅም ሲያንሰኝ በጣም እፈራለሁ።

አንድ መካኒክ «ሞተሩን እናውርደው፣ ሲሊንደሩን በትልቅ ፒስተን እናሰፋው፣ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) እናስላጠው፣ የጭስ መውጫውን ቀዳዳ ከፍ እናድርገው፤ 50 ፈረስ ይሆንልሃል» አለኝ። በእጄ ያለው 90,000 ብር ነው። አዲስ ሞተር የሚታሰብ አይደለም። እውነት 50 ይሆናል? ከየት ልጀምር?

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)፦

ወንድሜ፣ ሳትለካ አንድም ቡሎን እንዳትፈታ። ሐዋሳ ላይ የጀልባ ሞተር ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው፤ «ጉልበት አነሰው» ተብሎ ከመጣልኝ ውስጥ ብዙው ማስፋት ሳይሆን ወደነበረበት መመለስ ነው ያስፈለገው።

መጀመሪያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረውን ግፊት፣ ለካ። መለኪያው ከየትኛውም ጋራዥ በውሰት ይገኛል። ሞተሩን ትንሽ አሙቀው፣ ሁለቱንም ካንዴላ አውጣ፣ እሳት እንዳይሰጥ የማጥፊያውን ገመድ ንቀል፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው ክፈትና ቀስቱ መውጣት እስኪያቆም ድረስ ደጋግመህ ሳብ። ጋዙን ሳትከፍት ከለካህ አየር ስለማይገባ ውጤቱ ያሳስትሃል። ሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ችግር አለ። ዝቅ ያለውን ሲሊንደር አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ድገመው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ያለቀው ፋሻው (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ ነው። ካልተነቃነቀ ደግሞ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያውን) ጠርጥር።

ሁለተኛ፣ የዙር ቆጣሪ ተውሰህ ሙሉ ጭነት ጭነህ፣ ሙሉ ጋዝ ሰጥተህ ስንት ዙር እንደሚደርስ ንገረን። የዚህ ሞተር የሥራ ክልል በደቂቃ ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር ነው። ፕሮፔለሩ ላይ የተቀረጸውንም ቁጥር አንብብልን።

ቀይ ባሕር (ጅቡቲ)፦

እኔ ጅቡቲ ነው የምሠራው፤ እዚህ ዓሣ አጥማጁ ዘንድ ያንተ ዓይነት ሞተር በብዛት አለ። ቁጥሩን ስታነብ አንድ ነገር አትርሳ፦ ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ በየ300 ሜትሩ በግምት 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። 40 የሚለው ሞተርህ ገና አዲስ ሆኖ ሳለ እንኳ እናንተ ዘንድ 33 አካባቢ ነው የሚሰጠው።

ኮምፕሬሽኑም እንዲሁ ዝቅ ብሎ ይነበባል። እኔ ጋ ደህና የሆነ 40 ሞተር 115 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ያሳየኛል። ያው ሞተር ባሕር ዳር ቢመጣ 92 ገደማ ነው የሚያሳይህ። ይህን የማያውቅ መካኒክ 92 ሲያይ «ሞቷል» ብሎ ጤነኛ ሞተር ሊያስፈታህ ይችላል።

ደግሞ ዕድለኛ ነህ፤ ሞተርህ የኖረው በጣፋጭ ውሃ ነው። እዚህ ጨው ቡሎኑን ከአልሙኒየሙ ጋር ስለሚያጣብቀው ግማሹ ሥራ የተሰበረ ቡሎን ማውጣት ነው።

የዘጌ መስመር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ለካሁ። ላይኛው ሲሊንደር 84፣ ታችኛው 57። ታችኛው ላይ ዘይት ስጨምር 76 ደረሰ። ስምንት ሰው ይዤ ሙሉ ጋዝ ስሰጠው 4,000 ዙር ላይ ቆመ፤ ከዚያ አያልፍም። ፕሮፔለሩ ላይ ያለው የፒች ቁጥር 13 ነው። ከሞተሩ ጋር የመጣ ነው፤ ሌላ ተገጥሞ አያውቅም።

ሐይቅ ዳር፦

እንግዲህ ሁለት ችግር አለህ፤ ሁለቱን ለያይተን እንያቸው።

ፒች ማለት ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር በንድፈ ሐሳብ ጀልባዋን ስንት ኢንች ወደፊት እንደሚገፋ ነው። 13 ለቀላል ጀልባ፣ ለፍጥነት ነው። አንተ ከባድ ጭነት በከፍታ ቦታ የምትገፋ ነህና መኪና በአራተኛ ማርሽ ዳገት እንደማስነሳት ነው። ሞተሩ ጉልበቱን የሚሰጥበት ዙር ላይ ሳይደርስ ታፍኖ ይቀራል። በዚህ ሁኔታ ለሰዓታት መሥራት ራሱ ፒስተኑን ያቃጥለዋል። ፒች በ1 ኢንች ሲቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ባለ 10 ፈልግ፤ ያገለገለም ቢሆን ክንፎቹ ካልተጣመሙና መሀሉ ያለው ጎማ ካልተንሸራተተ ይሠራል። ከምታወጣው ገንዘብ ሁሉ አብልጦ የሚከፍልህ ይህ ነው።

ታችኛው ሲሊንደር ግን መከፈት አለበት። 57 ሆኖ ሰው ጭኖ መሄድ አይገባም። ወንድሜ፣ እስኪሠራ ድረስ ከዳር አትራቅ።

ቶርኖ ቤት (አዲስ አበባ)፦

የሲሊንደር ማስፋት ሥራዬ ስለሆነ ስለ «50 ፈረስ» እኔ ልመልስ። የዚህ ሞተር ሲሊንደር 80 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፒስተኑ የሚመላለሰው 70 ሚሊ ሜትር። በ0.50 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ትልቅ ፒስተን ብታስገባ 703 የነበረው 712 ሲሲ ይሆናል። ጭማሪው 1 በመቶ ከምናምን ነው፤ እጅህ ላይ የሚታወቅ ነገር የለውም። ትልቁ ፒስተን የተሠራው የተጫረ ሲሊንደር ተስተካክሎ እንዲድን እንጂ ጉልበት እንዲጨምር አይደለም። ሥራው ተገቢ ነው፤ ምክንያቱ ነው የተሳሳተው።

ወደ ቶርኖ ቤት ስትሄድ ፒስተኑን ገዝተህ ይዘህ ሂድ። ሲሊንደሩ የሚቆረጠው በእጅ ያለው ፒስተን ተለክቶ፣ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት መመሪያው እንደሚለው ሆኖ ነው። «መጀመሪያ ቁረጥልኝ፣ ፒስተኑን በኋላ አመጣለሁ» የሚል ሰው እመልሰዋለሁ። ሁለቱንም ሲሊንደር በእኩል አስቆርጥ።

አሁን የምነግርህን ደግሞ ብዙ የመኪና ቶርኖ ቤቶች አያውቁትም። ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ቀዳዳዎች አሉት። ከተቆረጠ በኋላ የቀዳዳዎቹ ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለት ይሆናል። ያንን ጠርዝ በጥሩ ሞረድና በሸካራ ወረቀት በትንሹ ካልሰበሩት አዲሱ ፋሻ በመጀመሪያው ቀን ተጠልፎ ይሰበራል። ቆመህ አሠራ። የመጨረሻው ማለስለሻም መስታወት እንዲመስል አይደለም፤ ዘይት የሚይዙ የተሻገሩ ጭረቶች መታየት አለባቸው።

የጭስ መውጫውን ቀዳዳ ከፍ ማድረግ የሚባለውን ተወው። ያ ጉልበቱን ወደ ላይኛው ዙር ነው የሚወስደው። ያንተ ጀልባ ተጭና እዚያ ዙር ላይ አትደርስም፤ ከታች ያለውን ጉልበት ታጣለህ። የተፈቀቀ ብረት ደግሞ አይመለስም።

ቀይ ባሕር፦

በቴስታታው ጉዳይ ግን ከመካኒኩ ጋር በከፊል እስማማለሁ። በከፍታ ቦታ የሚገባው አየር ስለሚያንስ ኮምፕሬሽን ትንሽ ከፍ ቢል ሞተሩ ይሸከመዋል። 0.5 ሚሊ ሜትር ማስላጥ የጠፋውን ጉልበት ጥቂቱን ይመልሳል። ከማስላጥ በፊት ለስላሳ የመበየጃ እርሳስ ሽቦ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ዳርና ዳር አስቀምጠህ፣ ቴስታታውን አጥብቀህ አንዴ አዙረውና የተጨፈለቀውን ሽቦ ውፍረት ለካ። ፒስተኑ ከቴስታታው ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ በዚያ ታውቃለህ።

ሐይቅ ዳር፦

በንጹሕ ቤንዚን ልክ ነህ። ነገር ግን እሱ በጀሪካን ከየቦታው ነው የሚቀዳው፤ ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን በገጠመው ቀን ኮምፕሬሽኑ ከፍ ያለ ሞተር ካለ ጊዜው እየፈነዳ ፒስተኑን ይበሳዋል። ሰው ለሚጭን ጀልባ አልመክረውም። ቴስታታውን መስታወት ላይ በተዘረጋ ሸካራ ወረቀት ፈትጎ ማስተካከል ይበቃዋል፤ ጓርኒሲዮኑ በደንብ ይቀመጣል፣ ወጪውም የወረቀቱ ብቻ ነው።

የደሴቱ ልጅ (ባሕር ዳር)፦

እኔም እዚሁ ጣና ላይ ነው የምነዳው። ታችኛው ሲሊንደር ለምን እንደተጎዳ ሳታውቅ አዲስ ፒስተን ብታስገባ በሚቀጥለው ክረምት ተመልሰህ እዚሁ ነህ። የውሃ ፓምፑን ጎማ መቼ ቀየርከው? በጎን የምትወጣው ውሃ ትሞቃለች? ትቆራረጣለች? የሐይቃችን ውሃ ደለል አለበት፤ ቱቦውን ይደፍነዋል፣ ጎማውንም ይበላዋል። እምቦጭ በፈረንጆቹ 2011 ከታየ ወዲህ ደግሞ በተለይ ወደ ሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የሄደ ሰው ሥሩ የውሃ መግቢያውን ወንፊት ይዘጋበታል። ሞተሩ ያለ ውሃ ትንሽ ከሠራ ጎማው አለቀ ማለት ነው።

ዘይቱንስ የትኛውን ነው የምትጠቀመው? ብዙዎቻችን የባጃጁን ዘይት ነው የምንቀላቅለው። እሱ በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር የተሠራ ነው፤ በውሃ በሚቀዘቅዘው ላይ አመድ ይተዋል፣ ፋሻውንም ያጣብቀዋል። ዕቃው ላይ ቲሲ-ደብልዩ3 የሚል የተጻፈበትን የጀልባ ዘይት ፈልግ።

የዘጌ መስመር፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፤ ይቅርታ። ሞተሩ ተከፍቶ ነበር።

የደሴቱ ልጅ እንዳለው ነው የሆነው። የውሃ ፓምፑ ጎማ ሁለት ክንፉ የለም፤ የተቆረጠው ቁራጭ ወደ ላይ ተጉዞ ከደለል ጋር መተላለፊያውን ደፍኖታል። የታችኛው ፒስተን በጭስ መውጫው በኩል ከላይ እስከ ታች ተጭሯል፣ አንዱ ፋሻ ተጣብቆ አይነቃነቅም። ዘይቱም የባጃጅ ነበር፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሁለቱንም በ0.50 አስቆረጥኩ። የጠርዙን ነገር ለቶርኖ ሠራተኛው ስነግረው መጀመሪያ አልገባውም ነበር፤ አብረን ቆመን በእጅ ሠራነው። ኩሽኔታዎቹን፣ የዘይት መያዣ ጎማዎቹን፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ፓምፑን ቀየርኩ። ባለ 10 ፕሮፔለር ያገለገለ አገኘሁ። ከ90,000ው አላለፍኩም።

ገና አላስነሳሁትም። አዲስ ፒስተን እንዴት ነው የሚለማመደው?

ሐይቅ ዳር፦

አይዞህ፣ ጥሩ ሠርተሃል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት ዘይቱን እጥፍ አድርገው፤ 25 ለ1፣ ማለትም ለ20 ሊትር ጀሪካን 800 ሚሊ ሊትር። ከዚያ በኋላ 50 ለ1፣ 400 ሚሊ ሊትር። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች በዝቅተኛ ዙር ብቻ። ቀጣዮቹን 50 ደቂቃዎች ከ3,000 ዙር አታሳልፈው። ሁለተኛውን ሰዓት እስከ 4,000። ከዚያ እስከ 10 ሰዓት ሙሉ ጋዝ ከ5 ደቂቃ በላይ አትያዝ። በአንድ ዙር ላይም ለረጅም ጊዜ አታቁመው፤ ከፍ ዝቅ አድርገው። በዚህ ጊዜ ሰው አትጫን። ገቢ እንደሚቀርብህ አውቃለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ሲል ባዶዋን ንዳት።

ቀይ ባሕር፦

ልምምዱ ካለቀ በኋላ ካንዴላውን አውጥተህ ቀለሙን እይ። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ነዳጁ ለቀጭኑ አየር በዝቷል፤ በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለውን ዋናውን ጄት (ነዳጁ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አንድ ቁጥር ብቻ አሳንሰህ እንደገና እይ። የቡና ወተት ቀለም ሲሆን አቁም። ነጭ ከሆነ ነዳጁ አንሷል፤ ያኔ ወዲያው ወደ ቀድሞው መልስ፣ ፒስተን የሚቀልጠው እዚያ ላይ ነው። ሞተሩን አንድ ቀን ወደ ጫሞ ወይም ወደ ሌላ ዝቅ ያለ ሐይቅ ከወሰድከው ጄቱን መመለስ አለብህ፤ አሮጌውን አትጣለው።

የዘጌ መስመር፦

ልምምዱ ዛሬ አለቀ። ኮምፕሬሽን ላይኛው 92፣ ታችኛው 91። ጄቱን አንድ ቁጥር አሳነስኩ፤ ካንዴላው ቡናማ ሆነ። ዘመዶቼን ለምኜ፣ ሁሉንም ጃኬት አልብሼ አሥር ሰው ጫንኩና ሙሉ ጋዝ ሰጠሁት፤ 4,700 ዙር። ጀልባዋ ውሃው ላይ ወጣች። ባዶዋን ስትሄድ ከድሮው ፍጥነቷ ትንሽ ቀንሳለች፤ ከጭነት ጋር ግን አይገናኝም። ስንመለስ ንፋሱ ተነስቶ ነበር፤ ጋዝ ስጨምር ሞተሩ መለሰልኝ። አባቴ ፊት ተቀምጦ ነበር፤ ዞሮ አየኝ።

የደሴቱ ልጅ፦

እንኳን ደስ ያለህ! አሮጌውን 13 እንዳትሸጠው፣ ከመቀመጫ ሥር ከመጠባበቂያ ፒንና ከመፍቻ ጋር አስረህ አስቀምጠው። ድንጋይ ከመታህ እሱም ዳር ያደርስሃል። የፓምፑን ጎማ ደግሞ በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ እንደወጣ ቀይረው።