ኔቸር ላይ መውጣት የምሁር ሚዛን ይሁን?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ይኸው። የዩኒቨርሲቲ መምህር ዕድገት ሲጠይቅ፣ ኔቸር ላይ ያወጣው ጥናት አገር ውስጥ ካወጣው የበለጠ ነጥብ ያሰጠው? ለማታውቁት፣ ኔቸር ከ1869 ጀምሮ ከለንደን በየሳምንቱ የሚወጣ የሳይንስ ጆርናል ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ እንቁጠር። ስድብ የለም።

ሚኪ ጂኦ፦ ይሄ ምኑ ያከራክራል? ሰላም የተባለችውን የጥንት ሰው ዘር ቅሪተ አካል አስታውሱ። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ቡድኑ በ2000 አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ አገኟት። ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሞተች፣ ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ናት። የአሸዋ ድንጋዩን በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት እየላጡ አጥንቷን ለማውጣት ዓመታት ፈጀባቸው። በ2006 ኔቸር ላይ ወጣች፣ ዓለም አወቃት። እዚህ ብትወጣ ማን ያነባት ነበር?

አባ ጥርጥር፦ ወንድሜ፣ ሰላምን ያስከበራት አጥንቷ ነው እንጂ ጆርናሉ አይደለም። አርዲ የምትባለው ሌላዋ የአፋር ቅሪተ አካል ዋና ጥናቷ በ2009 የወጣው ሳይንስ በተባለው በተቀናቃኙ ጆርናል ነው። ታዲያ አነሰች?

ሚኪ ጂኦ፦ ሳይንስም እኮ ያው ነው! ስሙ ተቀየረ እንጂ ደረጃው አንድ ነው። አገር ውስጥ የወጣ አንድ ጥራልኝ።

አባ ጥርጥር፦ የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ከ1962 ጀምሮ አለ። እዚህ የሚሠራ ሐኪም የሚጠቅመው የትኛው ይመስልሃል? ደግሞ ስሙን አትመን። በጃንዋሪ 2014 ኔቸር አንድ የጃፓን ጥናት አወጣ። ተራ ሕዋስ ለአጭር ጊዜ አሲድ ውስጥ ቢነከር፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ ወደሚችልበት ደረጃ ይመለሳል ይላል። ሌሎች ሞከሩት፣ እምቢ አለ። ምስሎቹም ላይ ችግር ተገኘ። ጁላይ ላይ ተሰረዘ። በእናንተ ሚዛን ግን በመሀሉ ዕድገት የጠየቀ ሰው ፕሮፌሰር ሆኖ ያድር ነበር።

ቤቲ ላብ፦ አባ፣ መሰረዙ እኮ ነው ደህናው ነገር። ኔቸር ላይ ስለወጣ ነው ሁሉም የተረባረበበት። እኛ ጋ የሚወጣውን ማን ደግሞ ይሞክረዋል? የኔ ቅሬታ በሩ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚያየው የጆርናሉ ቅጥር አርታኢ ነው፤ አብዛኛው ወረቀት ገምጋሚ ጋ ሳይደርስ ይመለሳል። ከአስር አንዱ እንኳ አይታተምም። ጥያቄውም «ትክክል ነው ወይ?» ብቻ አይደለም። «ለብዙ አንባቢ ይሆናል ወይ?» ጭምር ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ለለንደኑ አርታኢ ምኑ ነው? ለሲዳማ ገበሬ ግን የቤቱ ቀለብ ነው።

ተማሪ ነኝ፦ ክፍያውስ? ጥናቱን ለሁሉም ክፍት ለማድረግ 9,500 ዩሮ ሲሉ ሰምቼ ደንግጫለሁ።

ቤቲ ላብ፦ እሱ በ2020 መጨረሻ የወጣው ዋጋ ነው። ከ2023 ወዲህ ግን እንደኛ ካሉ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ለሚጽፉ በነፃ ነው። ስለዚህ ብሩን ሰበብ አናድርገው። የታዘዘ ሪኤጀንት፣ ማለትም የላብራቶሪ ኬሚካል፣ እዚህ እስኪደርስ ቅዝቃዜው ያልቅበታል፤ እሱን አውሩ።

ሚኪ ጂኦ፦ በቃ፣ ነጥቡን እኩል አድርጉት! ነገ ሁሉም ወደ ቀላሉ ይሮጣል። ከፍለህ በሳምንት የምትወጣበት ጆርናል እንደ አሸን ፈልቷል።

አባ ጥርጥር፦ ኮሚቴው ያንብበዋ! አምስት ፕሮፌሰር ተሰብስቦ አንድ ፔፐር ማንበብ ይከብደዋል?

ሚኪ ጂኦ፦ ኮሚቴ ገብተህ ታውቃለህ? 😂 የሚነበበው የርዕስ ዝርዝሩ ነው።

ቤቲ ላብ፦ እንግዲያው አመልካቹ ሦስት ሥራ ብቻ ይምረጥ። እነሱ ከዳር እስከ ዳር ይነበቡ፣ የጆርናሉ ስም ተሸፍኖ።

ሚኪ ጂኦ፦ ስሙን ብትሸፍኚውም ጎግል አለ። ደግሞ በዘርፉ የሚያውቅ አንድም ሰው ኮሚቴው ውስጥ ከሌለስ?

ተማሪ ነኝ፦ እኛ ክፍል የእንሰት ሰው አንድ ነው። አመልካቹ ራሱ 😅