ባቦጋያ ሐይቅ እንደገና ሊፈነዳ ይችላል? እናቴ እንቅልፍ አጥታለች

የባቦጋያ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ የፈሪ ሊመስል ይችላል፤ ታገሡኝ።

እናቴ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ ነው የምትኖረው። እኔም ያደግኩት እዚያው ነው። ሐይቆቹ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ እንደሆኑ ከትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቃለን። ግን እንደ ተረት ነበር የምንሰማው። በ2017 ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የእማዬ ብርጭቆዎች ቁም ሳጥን ውስጥ ተንጫጩ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ደግሞ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ይኼ ሳያንስ አንዱ ዘመዳችን ካሜሩን ውስጥ አንድ ሐይቅ በአንድ ሌሊት ሕዝብ ፈጀ የሚል ቪዲዮ ላከላት። ብርዱ ሲገባ ሐይቁ ላይ የሞተ ዓሣ ተንሳፍፎ አየችና «ይኸው ጀመረ» ብላ ደወለችልኝ።

አሁን ቤቱን ሸጠን እንውጣ እያለች ነው። እውነት የሚያሰጋ ነገር አለ? ዓሣውስ ለምንድን ነው የሚሞተው? የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ቢያስረዳኝ።

ድንጋይ አንባቢ፦

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጂኦሎጂ ነው የተማርኩት፤ አሁን እንጀራዬ የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ ነው። ቢሾፍቱ ዙሪያ ብዙ ቆፍሬያለሁ፤ ስለዚህ ድንጋዩን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው።

መጀመሪያ ዝቋላን አስቢ። ከእናትሽ ሰፈር ወደ ደቡብ ምዕራብ ስታዪ ይታያል። ጫፉ ላይ ሐይቅ አለ፤ የአቡዬ ገዳምም እዚያው ነው። ዝቋላ ደጋግሞ እየተፋ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበ 2,989 ሜትር የደረሰ ተራራ ነው። ሐይቁም የተቀመጠው አናቱ ላይ፣ አፉ ውስጥ ነው። ባቦጋያ ግን ተራራ የለውም። ልጅ ሆነሽ አልገረመሽም? ሜዳ ላይ እየሄድሽ ድንገት ገደል፣ ከገደሉ ሥር ውኃ።

ምክንያቱ ይኼ ነው። ቅልጥ አለቱ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ግሎ ወደ ላይ ሲወጣ መንገድ ላይ የከርሰ ምድር ውኃ አገኘ። የጋለ ምጣድ ላይ ውኃ ጠብ ሲል የሚሆነውን ታውቂዋለሽ። ያንኑ ከመሬት በታች፣ አለት ተከድኖበት አስቢው። ውኃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 እጥፍ በላይ መስፋት ይፈልጋል፤ ቦታ ከየት ያምጣ? ከላዩ ያለውን ሁሉ ይዞ ወጣ። ፍንዳታው ሲያበቃ የቀረው ከሜዳው ወለል በታች የወረደ ጉድጓድ ነው። እሱን ደግሞ የከርሰ ምድር ውኃና ዝናብ ሞላው። የባቦጋያ ጥልቀት 65 ሜትር፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ ደግሞ 87 ሜትር ገደማ ነው። ሆራና አረንጓዴም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ጨለለቃ ግን አይደለም፤ እሱ ጥልቀት የሌለው የክረምት ውኃ ነው።

እንዲህ ያለውን ጉድጓድ በሙያችን «ማር» እንለዋለን። የሚላሰው አይደለም፤ ከጀርመን፣ አይፈል ከሚባል አካባቢ የመጣ ቃል ነው። አንደኛ ዓመት ክፍል ውስጥ ስንሰማው ስቀን መምህሩ አባርሮናል።

ማር የሚፈጠረው ቶሎ ነው። አላስካ ውስጥ ዩኪንሬክ የሚባሉ ሁለት ጉድጓዶች አሉ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጀምረው በ10 ቀን ገደማ አለቁ። ከዚያ በፊት በቦታው ምንም ጉድጓድ አልነበረም። ትልቁ 300 ሜትር ያህል ስፋት አለው። አሁን ሐይቅ ሆኗል። አብዛኞቹ ማሮች እንዲህ ናቸው፤ አንድ ሰሞን ፈንድተው ዝም ይላሉ። በዚያ አካባቢ ቅልጥ አለት እንደገና ቢመጣ እንኳ የድሮውን ቀዳዳ የመከተል ግዴታ የለበትም። ቢሾፍቱ ዙሪያ ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ ጠጠር የሚወጣባቸውን ክብ ጉብታዎች አይተሻል? እነሱም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቀዳዳ የነበራቸው ትናንሽ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ውኃ ስላላገኙ ጉድጓድ ከመሆን ጉብታ ሆነው ቀሩ።

ቁጭ ብለን እናያለን፦

ሁሌም «ዝም ይላል» ትላላችሁ። ሃይሊ ጉቢስ ዝም ብሎ አልነበር?

ድንጋይ አንባቢ፦

ወንድሜ፣ በጭራሽ አይፈነዳም አላልኩም። ሃይሊ ጉቢ የተመዘገበ ታሪክ አልነበረውም። አልተመዘገበም ማለት ግን አልሆነም ማለት አይደለም፤ አፋር በረሃ ላይ ማን ቆሞ ሊጽፍ? አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ድረስ ስለሄደ ነው ዓለም ሁሉ ያወቀው።

ስምጥ ሸለቆው ሕያው ነው። ቢሾፍቱ ያለችው ዳሩ ላይ ነው፤ ሸለቆው በኛ በኩል በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይከፈታል። ይኼን መካድ አይቻልም። ግን ቅልጥ አለት ወደ ላይ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ምልክት ይሰጣል። ትናንሽ መንቀጥቀጦች ይደጋገማሉ፣ መሬቱ ያብጣል፣ ሳተላይትም ያየዋል። ፈንታሌ ላይ ሰዎች ከቀያቸው እንዲነሡ የተደረገው ለዚህ ነው። የፈንታሌ መንቀጥቀጥ እናትሽ ጋ ብርጭቆ አንጫጫ ማለት ባቦጋያ ሥር እሳት አለ ማለት አይደለም። አዲስ አበባም ፎቅ ላይ ያለ ሁሉ ተወዛውዟል።

መረብ ጣይ፦

ልጄ፣ እኔ የመሬቱን ነገር አላውቅም። የዓሣውን ግን ጠይቂኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሐይቅ ላይ ነኝ።

ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊቱ አጥንት ሲሰብር፣ አንድ ጧት ሐይቁ መልኩ ተቀይሮ ታገኚዋለሽ። የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ቆሮሶው አፉን ከውኃ አውጥቶ አየር ይለምናል። ያኔ መረብ አንጥልም። ከዚያ ዓሣው ይንሳፈፋል። አንዳንዱ ዓመት ጥቂት ነው፣ አንዳንዱ ዓመት ዳሩን ይሞላዋል። አባቶቻችን ሐይቁ «ተገለበጠ» ይሉ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ይረጋጋል። እሳት አይተን አናውቅም። ለእናትሽ ንገሪያት፣ የሞተውን ዓሣ ግን እንዳትበላ፣ ለድመትም እንዳትሰጥ።

ድንጋይ አንባቢ፦

ጋሼ፣ ከኔ በላይ አስረዱት። «ተገለበጠ» የሚለው ቃል ራሱ ሳይንሱ ነው።

በሙቀቱ ወራት ላይኛው ውኃ ይሞቃል፣ ይቀላል፣ ከላይ ይንሳፈፋል። ታችኛው ቀዝቃዛና ከባድ ሆኖ ከሥር ይቀመጣል። ሁለቱ አይቀላቀሉም። ወደ ታች የሚዘቅጠው ብስባሽ እዚያ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ የሚሸተውም ጋዝ እዚያ ይጠራቀማል። ባቦጋያ ደግሞ በገደል የተከበበ ስለሆነ ነፋስ እንደልቡ አያማስለውም። ብርዱ ሲመጣ ላዩ ቀዝቅዞ ይከብድና ይሰምጣል፣ የታችኛው ይወጣል። ኦክስጅን የሌለው ውኃ ድንገት ሲመጣበት ዓሣው ታፍኖ ይሞታል።

አሁን ወደ ካሜሩኑ ሐይቅ ልምጣ፤ የእናትሽን እንቅልፍ የነሳው እሱ ይመስለኛል። ስሙ ኒዮስ ነው። ነሐሴ 15 ቀን 1978 ዓ.ም. ሌሊት ከ1,700 በላይ ሰዎችንና 3,500 ያህል ከብቶችን ገደለ። ቪዲዮው እስከዚህ ድረስ አልዋሸም። ግን ያንን ሁሉ ሕዝብ የገደለው እሳት አይደለም። ኒዮስም ማር ነው፤ ጥልቀቱ ከ200 ሜትር ይበልጣል። ከሥሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየገባ በታችኛው ውኃ ውስጥ ይሟሟል። ውኃው በየዓመቱ እስከ ታች ስለማይገለበጥ ጋዙ ለዓመታት ተጠራቀመ። አንድ ቀን ሚዛኑ ሲፈርስ፣ እንደተናጠ ለስላሳ ገንፍሎ ወጣ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ በሸለቆው ወርዶ የተኛውን ሰው አፈነ። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ቧንቧ ገብቶለት ጋዙ ወደ ላይ ከሚፈናጠር ውኃ ጋር ሲለቀቅ ቆይቷል።

ልዩነቱን አየሽው? ኒዮስን ገዳይ ያደረገው አለመገላበጡ ነው። ባቦጋያ በየብርዱ ሆዱን ያናፍሳል። እማዬን ያስደነገጣት የሞተ ዓሣ እኔን ያረጋጋኛል። ዓሣ አጥማጁን ያከስረዋል፣ እሱ እውነት ነው።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠቁምሽ። ገደሉ የተቆረጠበት ቦታ ሄደሽ ንብርብሩን እዪ። የፍንዳታው ታሪክ እዚያ ተጽፏል። ከቀጫጭኑ የአመድ ንብርብር መሃል ትልቅ ድንጋይ ካገኘሽ ከሥሩ ያለውን መስመር ተመልከቺ።

የባቦጋያ ልጅ፦

ቅዳሜ ከእማዬ ጋር ሄድን። ድንጋዩን አገኘነው! የእንስራ ያክላል፣ ጥቁር ነው። ከሥሩ ያሉት መስመሮች ሰው እንደተኛበት ፍራሽ ጎድጉደዋል፤ ከላዩ ያሉት ግን ቀጥ ብለው አልፈዋል። እማዬ በጣቷ እየተከተለች «ይኼማ ከሰማይ ወድቆ ነው» አለች።

ድንጋይ አንባቢ፦

እናትሽ ጂኦሎጂስት ናቸው። ከጉድጓዱ ተወርውሮ፣ ገና እርጥብ አመድ ላይ አርፎ ነው። ጥቁሩ ምናልባት ባዛልት ይሆናል፤ ከፍንዳታው በፊት እዚያ የነበረው የድሮ አለት ስብርባሪ። መዶሻ እንዳታነሺበት፣ እዚያው ይቆይ።

የባቦጋያ ልጅ፦

እሺ። የቤቱ ሽያጭ ለጊዜው ቆሟል። አሁን ጎረቤት ሁሉ ወደ ገደሉ እየወሰደች እያሳየች ነው።